ዘንባባው፣ ደንገሉና የሐይቁ ዳር

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ይወርዳል]

ሳምንታዊው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ዛሬም በሰዓቱ ከተፍ ብሏል።

የዛሬው ጨዋታችን ስለ መናፈሻ ነው። ቦታው ደግሞ ባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ። ባሕር ዳር የምትኖሩ አድማጮች የምታውቁትን ቦታ በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ። አይታችኋት የማታውቁ ደግሞ አብራችሁን ተጓዙ፤ ጫማ ብቻ ይበቃል።

በጥያቄ ልጀምር። ባሕር ዳር ውስጥ ትልቁ መናፈሻ የቱ ነው? እስኪ ለአፍታ አስቡት።

[አጭር ሙዚቃ]

አንዳንዶቻችሁ በሐይቁ ዳር ያለውን የእግር መንገድ አላችሁ። ሌሎቻችሁ የሰማዕታት ሐውልትን ግቢ አስባችኋል። «ቤዛዊት ኮረብታ ነው እንጂ!» ያለም አይጠፋም። ሁሉም ያስኬዳል። እኔ ግን ውኃውና መሬቱ የሚገናኙበትን ረግረግ እመርጣለሁ። ደንገሉን፣ ፊላውን፣ እግር የሚያሰምጠውን ጭቃ ማለቴ ነው። አጥርም በርም የለውም፤ መናፈሻ ብሎ የሚቆጥረውም ጥቂት ነው። ጣናን ጣና አድርጎ ያቆየው ግን እሱ ነው።

ሐይቁን የሚጠብቀው ዳሩ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስባታለሁ።

[ድምፅ፦ የብስክሌት ደወል፣ የጠዋት መንገድ]

በሉ እንነሳ። ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጠዋት ይሁን። ከከተማው መሐል ወደ ሐይቁ ስንወርድ ሰፋፊ ጎዳናዎች ይቀበሉናል፤ በግራም በቀኝም፣ በመሐልም ዘንባባ። ብስክሌተኛው ብዙ ነው፤ መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ፔዳል መምታት አያደክምም።

ከተማዋ ይህን መልክ ያገኘችው እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም። በ1950ዎቹ ጀርመናዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ማክስ ጉተር የመራው ማስተር ፕላን ተሠርቶላት ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ የተተከሉትም በዚያው ዘመን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋና ከተማውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ነበር እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል።

ዘንባባው ለባሕር ዳር መታወቂያዋ ነው። ነገር ግን፣ አድማጮቼ፣ አንድ ነገር ልናገር፣ ባሕር ዳሮችም አትቆጡኝ። በስድስት ሰዓት ፀሐይ ዘንባባ ሥር ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ግንዱ ረጅም፣ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ብቻ፤ ጥላው ለአንድ ሰው እንኳ አይበቃም። ለፎቶ ዘንባባ፣ ለእረፍት ግን ዋርካ! ዋርካ ቅርንጫፉን እንደ ልቡ ዘርግቶ ገበያ ሙሉ ሰው ያስጠልላል። ሾላውም፣ ዋንዛውም እንዲሁ።

የዛፍ ጥላ ከቆርቆሮ ጥላ ለምን ይቀዘቅዛል? ቆርቆሮ ፀሐይዋን ይከለክላል እንጂ ራሱ ግሎ ሙቀቱን ወደ እኛ ይመልሳል። ዛፍ ግን ከሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ በኩል ወደ አየር ይለቃል፤ ውኃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ቅጠሉ የበዛ፣ አናቱ የሰፋ ዛፍ ዙሪያውን ያቀዘቅዛል። መናፈሻ የምትሠሩ፣ ችግኝ የምትመርጡ አድማጮች፣ ይህን ልብ በሉልን። ለዓይን የሚተከልና ለጥላ የሚተከል ይለያያል፤ ሁለቱም ያስፈልጋል።

ስለ ዛፍ ካነሳን አይቀር ብርብራንም እናስተዋውቃችሁ። ጥሩ ጥላ ያለው አገር በቀል ዛፍ ነው። ፍሬው ግን ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣውን ያፈዝዘዋል፤ ትልቁም ትንሹም ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። በጣና ገባር ወንዞች ላይ እንዲህ የሚያጠምዱ ሰዎች ነበሩ፣ አሁንም አልጠፉም። ዛፉ ምን በደለ? ችግሩ ገና ያላደገውን ዓሣ ጭምር የሚያፍሰው እጅ ነው።

[ድምፅ፦ ሞገድ ከዳርቻ ጋር ሲላተም፣ የወፎች ድምፅ]

አሁን ሐይቁ ጋ ደርሰናል። ጣና ሰፊ ነው፤ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ጥልቀቱን ግን ስንት ትገምታላችሁ? መቶ ሜትር? አይደለም። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ለዚህ ነው በዳሩ ላይ የሚሆነው ነገር ሁሉ ቶሎ የሚሰማው። ደለል ከገባበት ይሞላል፤ ማዳበሪያ ከታጠበበት አረም ይለመልምበታል፤ ውኃው ትንሽ ዝቅ ካለ ደግሞ ብዙ መሬት ይራቆታል።

ደንገሉን ቀረብ ብለን እንየው። ከሰው ቁመት በላይ ይወጣል፤ ግንዱ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ ፀጉር የተበተነ አረንጓዴ ጎፈሬ አለው። ነፋስ ሲመጣ አብሮ ይወዛወዛል እንጂ አይሰበርም።

የጣና ታንኳ የሚሠራው ከዚሁ ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፤ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ተደርጎ ጥብቅ ብሎ ይታሰራል፤ ከፊት በኩል ጫፉ ወደ ላይ ይቆለመማል። ውኃ ላይ ሲውል እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ጀልበኛው ከሥራ ሲመለስ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ ያቆመዋል፤ ውኃው ተንጠፍጥፎ እንዲደርቅ። በሐይቁ ዳር ስትሄዱ ዛፍ ተደግፈው የቆሙ ታንኳዎች የምታዩት ለዚህ ነው። ዕድሜው ደግሞ አጭር ነው፤ ጥቂት ወራት አገልግሎ በአዲስ ይተካል። ይህን ጥበብ ከትውልድ ትውልድ ይዘው ካቆዩት ውስጥ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ቀዳሚ ነው። ደንገሉ ሲመነጠር የእነሱም እንጀራ አብሮ ይመነጠራል።

የደንገል ሥራ በታንኳ ብቻ አያበቃም። ክረምት ሲገባ ከእርሻው የሚወርደው ጎርፍ አፈር፣ ፍግና ማዳበሪያ ይዞ ይመጣል። ደንገሉና ፊላው ግንዳቸውን አጥር አድርገው ጎርፉን ያዘገዩታል። ውኃ ሲዘገይ አፈሩ ወደ ታች ይቀመጣል፤ ማዳበሪያውን ሥራቸው ይመገበዋል። እንደ ጠላ ማጥለያ አስቡት፤ አተላው እዚህ ይቀራል፣ ጥሩው ያልፋል።

ዓሣውስ? ቆሮሶን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከሳህን ላይ በተለይ! እናቲቱ ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ራሳቸውን ሲችሉ የሚጠለሉት ታዲያ ዳር ላይ፣ ሣርና ደንገል መሐል ነው፤ ትልቅ ዓሣ የማይደርስበት ጥግ። አምባዛውም በክረምት ውኃ ወደ ተኛበት ረግረግ እየወጣ ይራባል። እንግዲህ ረግረጉን አድርቀን፣ ጠርዙን በግንብ ዘግተን፣ «ዓሣ ለምን አነሰ?» ብንል ማንን እንጠይቃለን?

ሐይቁን የሚጠብቀው ዳሩ ነው።

[ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንድ]

ይህ ነገር ከወሬ ያለፈ መሆኑን የሚያሳይ ታሪክ አለ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ጨረጨራ የተባለ መቆጣጠሪያ ግድብ አለ። በ1988 ዓ.ም. በሁለት በሮች ሥራ ጀመረ፤ በ1993 ዓ.ም. አምስት በሮች ተጨመሩለት። ዓላማው የሐይቁን ውኃ ዓመቱን ሙሉ እያመጣጠነ ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች መልቀቅ ነበር።

1995 ዓ.ም. መጣ። ዝናቡ አነሰ፤ መብራት ደግሞ ይፈለጋል። ውኃው ተለቀቀ፣ ሐይቁም ወረደ፣ በጣም ወረደ። መርከቦች ወደብ መጠጋት አቃታቸው። ውኃው ሸሽቶ የተወው ለም መሬት ታየ። ሰዉስ ምን አደረገ? አረሰው። ማን ይፈርድበታል? ደንገሉ ግን ከውኃ ርቆ ደረቀ፤ የቀረውም ለእርሻ ሲባል ተነቀለ። በኋላ ውኃው ተመለሰ። ደንገሉ ግን ውኃው በተመለሰበት ፍጥነት አልተመለሰም።

[ድምፅ፦ የወንዝ ፍሰት]

እስኪ ከሐይቁ ወደ ዓባይ እንሻገር። ልብ በሉ፤ ጣና ገባሮቹ ብዙ ናቸው፤ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ፣ ሌሎችም። ተፈጥሮ የሰጠችው መውጫ ግን አንድ ነው፤ እሱም ዓባይ። የወንዙ ዳርቻ ከሐይቁ ዳር ይለያል። ውኃው ይንቀሳቀሳል፤ ዛፉ ወደ ውኃው አዘንብሎ ያድጋል፤ ዶቅማውና ሾላው ሥራቸውን ወደ ወንዙ ሰድደው የዳገቱ አፈር እንዳይናድ ይይዙታል።

የሰማዕታት ሐውልት በዚህ በኩል ነው። ከደርግ ጋር በተደረገው ትግል ለወደቁት መታሰቢያ የቆመ ሲሆን፣ ግቢው ወደ ዓባይ የሚመለከት ሰፊ መናፈሻ አለው። ቅዳሜና እሑድ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ይሞሉታል። ቬሎዋን ሰብስባ ደረጃ የምትወጣ ሙሽራ፣ «ወደ ግራ! ትንሽ ወደ ግራ!» የሚል ፎቶ አንሺ፣ ዳር ላይ መጽሐፍ ዘርግቶ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ፤ ሁሉም በአንድ ግቢ።

ከዚያ አዲሱ የዓባይ ድልድይ አለ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው። ለመኪና ብቻ ሳይሆን ለእግረኛና ለብስክሌትም መንገድ ተለይቶለታል። ወደ ዓባይ ማዶ በእግር ስትሻገሩ መሐል ላይ ቆም በሉ፤ ወንዙን ከላይ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ በከተማው ውስጥ አላውቅም። ለነገሩ ቤዛዊት ኮረብታም አለ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የቆመበት። እዚያ የሚወጣው አብዛኛው ሰው ቤተ መንግሥቱን ሳይሆን ዓባይን ለማየት ነው፤ ዕድለኛ ከሆነም ጉማሬ።

ጉማሬን ካነሳን አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በተለይ ልጆች ላላችሁ። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ መሬት ይወጣል። ወደ ውኃው የሚመለስበት መንገድ ሲዘጋበት ሰው ላይ አደጋ ያደርሳል። ስለዚህ ሲመሽና ሲነጋ በጉማሬውና በውኃው መሐል አትግቡ። ደግሜ ልበለው፤ በጉማሬውና በውኃው መሐል አትግቡ። ፎቶው ይቅር!

ከሐይቁ መውጫ ጀምሮ ወንዙን ይዞ እስከ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ያለው ዳርቻ የዓባይ ሚሊኒየም ፓርክ ተብሎ ተከልሏል፤ ስሙን ያገኘው ከኢትዮጵያ 2000 ዓ.ም. በዓል ነው። ፓርክ ሲባል አጥርና ቲኬት የሚመጣባችሁ አላችሁ? ይህኛው እንደዚያ አይደለም። ሰው የሚኖርበት፣ ከብት የሚወርድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ወንዝ ነው። ጥበቃውን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይህ ነው።

[ድምፅ፦ የጀልባ ሞተር፤ ይነሳና ይደበዝዛል]

አሁን ጀልባ እንሳፈር። ወደ ዘጌ።

ዘጌ ወደ ሐይቁ የገባ ምላስ መሬት ነው። ከሩቅ ስታዩት ጥቁር አረንጓዴ ደን። ከጀልባ ወርዳችሁ ቀጭኑን የድንጋይ መንገድ ስትይዙ ቡና በግራ ቡና በቀኝ፤ በላዩ ላይ ትላልቅ ዛፎች ጥላ ያጠሉበት። በመሐሉ ገዳማቱ፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም። የኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ሥዕል ብቻውን የአንድ ሙሉ ዝግጅት ርዕስ ይወጣዋል፤ ለዛሬ እንለፈው።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ሌላ ነገር ነው። በዙሪያው ያለው መሬት ታርሶ፣ ታርሶ ዛፍ ሲያልቅ፣ ዘጌ ላይ ደኑ እንዴት ተረፈ?

የአካባቢው ትውፊት እንዲህ ይላል። አቡነ በትረ ማርያም የተባሉት አባት በትራቸው ተከፍላ ሦስት ተክል ሆነች፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ። ሕዝቡም በእነዚህ እንዲኖር፣ መሬቱን በሬ ጠምዶ እንዳያርስ፣ ከብትም እንዳያረባበት በቃል ኪዳን ታሰረ። ትውፊቱን እንደ እምነታችሁ ውሰዱት። ሥራውን ግን ተመልከቱ፤ ማረሻ አልገባም፣ ስለዚህ አፈሩ አልታጠበም። ከብት አልገባም፣ ስለዚህ ችግኙ አልተጋጠም። ቡና ጥላ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ትልቁ ዛፍ አልተቆረጠም። ሰው ከደኑ እየበላ ደኑ ቆየ። ማዘጋጃ ቤት ሳይኖር፣ የደን ጥበቃ መመሪያ ሳይወጣ በፊት!

አንድ ችግር አለ፤ አልደብቃችሁም። ባሕር ዳር ስታድግ የማገዶ ፍላጎቷም አድጓል። ከዘጌ እንጨት በታንኳ ተጭኖ ወደ ከተማ ሲገባ ማየት ለባሕር ዳር ሰው አዲስ አይደለም። ቃል ኪዳኑ እርሻን እንጂ የማገዶ ገበያን አላሰበም ነበር።

በሰኔ 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣና ሐይቅን አካባቢ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በአገራችን ከካፋ፣ ከያዩና ከሸካ ቀጥሎ ማለት ነው። ባዮስፌር ስንል ምን ማለታችን ነው? ሰውን አስወጥቶ መከለል አይደለም። ቦታው በሦስት ይከፈላል። እምብርቱ በጥብቅ ይጠበቃል። በእምብርቱ ዙሪያ ያለው ቀለል ላለ ሥራ ይፈቀዳል፤ ንብ ማነብ፣ ጉብኝት፣ ምርምር። ከዚያ ውጭ ሰው ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ከተማ ይሠራል፤ ነገር ግን እምብርቱን በማይጎዳ መንገድ። ዘጌዎች በቃል ኪዳን የሠሩትን ይኼኛው በካርታ ይሠራዋል ብንል ብዙ አልራቅንም።

[ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይወርዳል]

አሁን ወደሚያከራክረው ጥያቄ እንምጣ። የሐይቁ ዳር የማን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ሐይቁን ለማየት ብዙ ቦታ ላይ ሻይ ማዘዝ ያስፈልጋል። ሻይ መጠጣት ጥሩ ነው፤ ለምለም ሣር ላይ፣ ዋርካ ሥር ደግሞ ይበልጥ ይጥማል። ነገር ግን ኪሱ ባዶ የሆነው ተማሪ፣ ልጆቿን ይዛ የወጣችው እናት፣ ከሥራ የተመለሰው የቀን ሠራተኛ የት ይቀመጥ? ነፃው የእግር መንገድ ለዚህ ነው ክብር የሚገባው። ዳሩ ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር አንድ ሰዓት ቁጭ ያለን ሰው «ምን ይታዘዝ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ሐዋሳን ያያችሁ በሐይቁ ዳር ያለውን አሞራ ገደልን ታስታውሳላችሁ። ዓሣ አጥማጁ፣ ጠባሹ፣ ተመጋቢው፣ አንገቱን ሰብሮ ፍርፋሪ የሚጠብቀው አባ ኮዳ ሁሉም አንድ ዳርቻ ይጋራሉ። ጫጫታው ብዙ ነው፤ ሽታውም አለ። ግን ሕዝብ የራሱ አድርጎታል።

ኬንያን ደግሞ እንይ። በ1982 ዓ.ም. የናይሮቢን ኡሁሩ ፓርክ ቆርሶ 60 ፎቅ ሕንፃ ለማቆም መንግሥት ተነሳ። የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቿ ዋንጋሪ ማታይ ተቃወመች፤ ደብዳቤ ጻፈች፤ ተሰደበች፣ ተገፋች። በመጨረሻ ገንዘብ ሰጪዎቹ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ፎቁ ቀረ፤ ፓርኩ አለ። ከዓመታት በኋላ የኖቤል የሰላም ሽልማት ስትቀበል ዓለም የሚያውቃት በዛፍ ተከላዋ ነበር። የናይሮቢ ሰው ግን በኡሁሩ ሣር ላይ እየተጋደመም ያስታውሳታል።

ባሕር ዳርም ላይ አሁን የኮሪደር ልማቱ የዳርቻውን መልክ እየቀየረው ነው። ሰው በእግሩ የሚሄድበት ዳር ሲከፈት ደስ ይለኛል። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ ድንጋዩና ሣሩ እስከ ውኃው ከንፈር ድረስ አይውረድ። እዚህም እዚያም ለደንገሉ ቦታ ይተውለት። «እይታ ይከልላል» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ይከልላል፤ ጎርፉንም ይከልላል።

ሦስተኛ ጊዜ ልበላችሁ፤ ሐይቁን የሚጠብቀው ዳሩ ነው።

የውኃ አረሙን እምቦጭን ሳናነሳ ብንለያይ ትታዘቡናላችሁ። ጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ግድም ነው፤ ይበልጥ የበረታውም በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል። ሺዎች ደረታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለውታል። ታዲያ ይህ አረም ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን እንዴት ዞረ መሰላችሁ? ሐምራዊ አበባው ስላማረ! ሰዎች ለአትክልት ቦታቸውና ለኩሬያቸው ጌጥ ብለው ከአገር አገር ወሰዱት። መናፈሻ ለማሳመር የተወሰደ አበባ ሐይቅ አነቀ። በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ግድም እጥፍ ይሆናል፤ ፍሬውም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። የሚመገበው ደግሞ ከማሳ ታጥቦ የሚመጣውን ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርደውን ቆሻሻ ነው፤ ቅድም ደንገሉ ያስቀረዋል ያልናችሁን ማለት ነው።

ስለዚህ አበባ ወዳጆች፣ ከሩቅ አገር የመጣ የውኃ ላይ ተክል ሲሰጧችሁ ወደ ኩሬ ከመጣላችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቁ።

[የመዝጊያ ሙዚቃ፤ በዝግታ ይገባል]

ሰዓታችን እያለቀ ነው፤ የቤት ሥራ ሳንሰጣችሁ ግን አንለቃችሁም። በምትኖሩበት ከተማ፣ ጎንደርም ይሁን ደሴ፣ ደብረ ማርቆስም ይሁን አዲስ አበባ፣ አንድ የወንዝ ወይም የሐይቅ ዳር ምረጡ። ስድስት ሰዓት ላይ ሂዱና ጥላ የሚሰጠው ዛፍ የትኛው እንደሆነ እዩ። ውኃው ጠርዝ ላይ የበቀለውን ተክል ስሙን አካባቢው ላይ ካለ አዋቂ ጠይቁ። ሳይከፍሉ የሚቀመጡበት ቦታ መኖር አለመኖሩንም አረጋግጡ።

ዛፉን ማን እንደተከለው የሚያስታውስ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ካገኛችሁ ደግሞ አደራ፣ ጠይቁልን። መልሳችሁን በደብዳቤም በስልክም ላኩልን፤ የሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅት የሚከፈተው በእናንተ ዛፎች ነው። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።

[ሙዚቃው ከፍ ብሎ ያበቃል]